ሰሊጥ አለበት ወይ ተብለው ላልተጠየቁት ክቡር ሼፍ

ለተከበሩ ዋና ሼፍና የምግብ ቤቱ ባለቤት፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉሮሮዎ ሳይታፈን፣ ምላስዎ ሳያብጥ፣ የሚስቡት አየር እንደ ልብ እየገባና እየወጣ ይህ ደብዳቤ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ሌላ ሰው እንዲህ ብሎ ቢጽፍልዎ ለወግ ያህል የተደረደረ ሰላምታ ነው ብለው ያልፉት ይሆናል፤ እኔ ግን የምመኝልዎትን ነገር ሁሉ መጥፋቱን በዓይኔ ያየሁ ሰው ስለሆንኩ አንዷን ቃል እንኳ እንደ ዋዛ እንዳያዩብኝ እለምናለሁ።

ማን እንደሆንኩ ላስታውስዎ። በእሑዱ ምሳ ላይ በመስኮቱ በኩል፣ መስኮት እንኳ አልነበረም፣ በወፍራሙ መጋረጃ በኩል ከባለቤቴ ጋር ተቀምጬ የነበርኩትና በንግግርዎ መካከል ብድግ ብዬ ያስቸገርኩዎት ሴት ነኝ። መተዳደሪያዬ ሰው መኪና መንዳት ማስተማር ነው። ገልባጭ መኪና ፊት ለፊት ሲመጣ መሪውን ለቆ ዓይኑን በመዳፉ ከሚሸፍን ተማሪ ጎን ተቀምጬ ዕድሜዬን ስለ ገፋሁ ፍርሃትንና እኔን የሚያስተዋውቀን ሰው አያስፈልግም። ይህን የምልዎ ለመኩራራት ሳይሆን፣ በቤትዎ ያገኘኝ ፍርሃት ከዚያ ሁሉ የሚለይ መሆኑን እንዲረዱልኝ ነው።

ባለቤቴ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው መንጋጋ ሲሞርድና ሲያስተካክል ስለሚውል ማኘክ ለእሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ በደንብ ያልታኘከ ምግብ ሲያይ እንደ ዘመድ ያዝናል። በሥራ ቦታው በተሰቀለው ቴሌቪዥን እርስዎ አንዲት ካሮት ከፍ አድርገው ይዘው ስለ ውስጧ ጣዕም ሲናገሩ ከሰማ ወዲህ እኔ ካሮት በላጥኩ ቁጥር የእርስዎን ነገር ያነሣብኝ ነበር። ታላቅ እህቱ ይህን አይታ ለልደቱ ስጦታ በቤትዎ ለሁለታችን ቦታ ያዘችልን። ስልክ ስትደውልም ወንድሟ ሰሊጥ እንደማይስማማው፣ ጥቂት እንኳ ቢቀምስ ጉሮሮው አብጦ እንደሚዘጋ አስረድታ ተናግራለች። «አይስጉ፣ እናውቅበታለን» ተብላ ስልኩን ዘጋች። ዳሩ ምን ያደርጋል፣ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስለ አቀባበሉ። በርዎ ላይ ስምም ምልክትም ባለመኖሩ ደጋግመን አልፈነው፣ በመጨረሻ የጎረቤትዎን በር አንኳኳን። አንዲት ሴትዮ በቤት ጫማ ወጡና ገና ሳንናገር «የሼፉ እንግዶች ናችሁ? ያኛው ጥቁር በር ነው፤ ሁሉም መጀመሪያ እኔን ነው የሚያንኳኳው» አሉን። ከት ብለን ሳቅን። በዚያ ቀን ለመጨረሻ ጊዜ የሳቅነው ያኔ ነው።

ጥቁሩ በር ሲከፈት ጓንት ያጠለቀ ሰው እጅ ነሣንና፣ እንግዳው ሐሳቡ ሳይከፈል ከምግቡ ጋር እንዲሆን ሲባል ስልክና ቦርሳ በር ላይ እንደሚቀር ነገረን። «ቦርሳው ውስጥ የባለቤቴ መድኃኒት አለ፤ መርፌ ነው» አልኩት። «ለደኅንነቱ ኃላፊዎቹ እኛ ነን» አለና ከግድግዳው ጋር አንድ ዓይነት ቀለም በተቀባ ቁምሳጥን ውስጥ አስገብቶ ቆለፈው፤ ቁልፉንም ለአዳራሹ ኃላፊ ሰጠው፤ ኃላፊው በወገቡ ላይ አንጠለጠለው። ልመለስና ቦርሳዬን ልቀበል ስል ባለቤቴ ክርኔን ያዝ አድርጎ «ተይ እባክሽ፣ አታሳፍሪኝ» አለኝ። ልደቱ ነበርና ተውኩት። መድኃኒታችንን ያን ያህል አጥብቀው ስለ ጠበቁልን አመሰግናለሁ፤ ሌባ ቢመጣ በእርግጥ አያገኘውም ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ካሮቷ። በዚህኛው አልቀልድም። ውጭ ቀትር ነው፣ ጠራራ ፀሐይ፤ አዳራሽዎ ውስጥ ግን መጋረጃው ሁሉ ወርዶ እያንዳንዱ ጠረጴዛ በአንዲት መብራት ብቻ ይታያል፤ እንግዳው ሁሉ ለቅሶ ቤት የገባ ይመስል በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። እርስዎ ሲናገሩ ማንኪያ እንደማይነሣ፣ ወንበር እንደማይንቀሳቀስ፣ አስተናጋጅም ካለበት እንደማይነቃነቅ አስቀድሞ ተነገረን። ከዚያ ካሮቷ መጣች። ባለቤቴ ቆርሶ አፉ ውስጥ አደረገ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ሳይከፍተውም «እኔ እኮ እስከ ዛሬ ካሮት በልቼ አላውቅም ማለት ነው» አለኝ። እኔም ቀመስኩ፤ እውነቱን ነው። ምላስ አይዋሽምና እመሰክርልዎታለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራ እጅ ያልዎት ሰው ነዎት። ምነው እጅ ብቻ በሆኑ።

ሦስተኛ፣ ስለ አስተናጋጅዎ። ያስተናገደን ሰው ዕድሜው ከእኔ የማያንስ፣ ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ሳህን ሲያስቀምጥ ድምፅ የማያሰማ ሰው ነው። ዓሣውን አቀረበልን። ዓሣው ላይ ቀይ ሶስ ፈሶበታል፤ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ ምን እንደሆነ የማይታወቅ። ባለቤቴ ሹካውን ከማንሣቱ በፊት እኔ ቀድሜ «ሰሊጥ አለበት ወይ?» አልኩት።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ጥያቄ በሕይወቴ ስንት ቦታ ጠይቄአለሁ፤ አለ ይሉኛል ወይም የለም ይሉኛል። የእርስዎ አስተናጋጅ ግን የሞት ፍርድ የተነበበበት ሰው መሰለ። «እጠይቃለሁ» ብሎ ወደ ወጥ ቤቱ በር ሄደ። ከበሩ ኋላ ሳህን ሲሰበር ተሰማ፤ ቀጥሎ የእርስዎ ድምፅ፤ ቀጥሎ ምንም። በአጠገባችን ያሉት ባልና ሚስት አቀረቀሩ፤ እነሱን አይተን እኛም አቀረቀርን። ሰውየው ተመልሶ መጣና «የለበትም፤ ይመገቡ» አለን። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሰው እጅ ሲንቀጠቀጥ ፍሬን መርገጥ የዕለት ሥራዬ ነው፤ እዚያ ግን ከእግሬ በታች የነበረው ምንጣፍ ብቻ ነው።

ባለቤቴ በላ። ጣፈጠው። በዳቦ ጠረገው።

አራተኛ፣ ስለ ንግግርዎ። ከወጥ ቤት ብቅ አሉ፤ ነጭ ልብስዎ ላይ አንዲት ጠብታ እንኳ አልነበረም። ሁላችንም እጃችንን ሰበሰብን። ስለ ዓሣው፣ ስለ ባሕሩ፣ ስለ ልጅነትዎ መናገር ጀመሩ። በዚህ መካከል ባለቤቴ አንገቱን ሲያክ አየሁት። ከዚያ ከንፈሩን ዳሰሰ። ከዚያ ዞሮ አየኝ። እኔና እሱ ከተጋባን ጀምሮ በዓይን ያልተባባልነው ነገር የለም፤ ተጣልተናል፣ ታርቀናል፣ ሬሳ ሸኝተናል፣ ልጅ ድረናል፤ ያን ዓይነት ዓይን ግን አይቼበት አላውቅም። የተደበደበ ሕፃን የሚያይበት ዓይን ነበር።

ብድግ አልኩ። ክቡርነትዎ ጣትዎን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ አነሡና፣ ድምፅዎን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ፣ «እመቤቴ፣ አንድ ጊዜ ይቀመጡልኝ» አሉኝ።

እኔም ተቀመጥኩ።

እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር ያላልኩት ይህን ነው። ባሌ አጠገቤ እየታፈነ፣ ጣት ስለ ተነሣብኝ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ጣት ስላለዎት አመሰግናለሁ፤ ወታደር የሚያዝዙ ሰዎች ቢያውቁ ይቀኑብዎት ነበር።

የመቀመጤ ነገር ግን ብዙ አልቆየም፤ ትንፋሹ ሲያፏጭ ሰማሁ። በቀጭን ቱቦ ውስጥ ነፋስ እንደሚያልፍ ያለ ድምፅ ነው። ፊቱ አብጦ ዓይኖቹ ጠፍተዋል። እንደገና ተነሣሁና «ቦርሳዬን አምጡልኝ፣ መርፌው ቁምሳጥኑ ውስጥ ነው» ብዬ ጮኽኩ። የአዳራሹ ኃላፊ ቁልፉን በወገቡ እንዳንጠለጠለ ወደ እኔ አላየም፤ ወደ እርስዎ አየ። እርስዎ ወደ ባለቤቴ ሳህን አዩ። አዳራሹ ሙሉ ሰው እርስዎን ያያል። ያን ጊዜ ገባኝ፤ እዚህ ቤት ማንም ሰው፣ ሰው ሲሞት እንኳ፣ ሳያስፈቅድ አይነቃነቅም። ከሰሊጡ ይልቅ የገደለኝ እሱ ነው።

የተነቃነቀው ሽበታሙ አስተናጋጅ ነው። የያዘውን ትሪ ወለሉ ላይ አስቀመጠ፤ በእርስዎ ፊት፣ በአፍዎና በእንግዶችዎ መካከል፣ ሰንጥቆ አለፈ፤ ከኃላፊው ወገብ ላይ ቁልፉን መንጭቆ ወሰደ። ቦርሳዬን ይዞ ሲመጣ ለመክፈት እንኳ አልታገሠም፤ እየሮጠ ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ማበጠሪያዬ፣ የከንፈር ቅባቴ፣ የተማሪዎቼ የቀጠሮ ወረቀቶች፣ ያ ዓሣ የተበላበት ሳህን ላይ ደግሞ መርፌው። አነሣሁና በአዲሱ ሱሪው ላይ፣ ጭኑ ላይ ወጋሁት። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

አስተናጋጁ አዝሎት ወደ ደጅ አወጣው። ፀሐዩ ዓይናችንን ወጋን። ጎረቤትዎ ሴትዮ በዚያው በቤት ጫማቸው ወንበር ይዘው ወጡ፤ ስልካችንን ማንም ገና አልመለሰልንምና አምቡላንስ የጠሩልንም እሳቸው ናቸው። «አይዞህ ልጄ፣ ሳበው፣ ሳበው» እያሉ ጀርባውን ያሹት ነበር። እኔ ትንፋሹን እየቆጠርኩ፣ የሚቀጥለው ባይመጣስ እያልኩ፣ እያንዳንዱ ሲመጣ እንደ አዲስ ልጅ እየተቀበልኩ ቆየሁ። ቀስ በቀስ ፉጨቱ ላላ።

አምስተኛ ምስጋናዬ በዚያች ሰዓት ከበሩ ብቅ ብለው ለሰጡን ማጽናኛ ነው። «እኔ ያደረግሁት እኮ ለመዓዛ ያህል ብቻ ነው፤ ሰሊጡ በጣም ጥቂት ነው» አሉ። ለእኛ ይሁን ለራስዎ እንደተናገሩት አላወቅሁም። ከዚያ በሩ ተዘጋ፤ ለቀሩት እንግዶች ጣፋጩ መቅረብ ነበረበትና።

ስድስተኛውን ምስጋና ልጽፈው ስል እጄ ይከብደኛል፣ ግን ልጻፈው። ሆስፒታል ባለቤቴን ወደ ውስጥ ካስገቡት በኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አስተናጋጁ ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ መጣ። ከጎኔ አልተቀመጠም፤ ቆሞ ቀረ።

«እትዬ፣ ተረፈ?» አለኝ።

«ይተርፋል ብለውኛል» አልኩት።

ራሱን ደፋ። «አልጠየቅኋቸውም» አለ። «እስከ በሩ ሄጄ ነው የተመለስኩት። ከእኔ በፊት ሶሱ ውስጥ ምን እንዳለ የጠየቃቸው አስተናጋጅ፣ ምግቤን ትጠራጠራለህ ተብሎ የጋለ መጥበሻ ነው የተወረወረበት፤ ክንዱ ላይ አለ እስካሁን። ልክ በሩ ጋ ስደርስ ደግሞ ሳህኑ ተሰበረ። የቤተሰብ ኃላፊ ነኝ። የለበትም ብዬ ለራሴ ተናገርኩና መጥቼ ለእርስዎ አልኩዎት።»

ክቡር ሆይ፣ ልመታው እጄን አነሣሁ። እሱም አልሸሸም፤ እንዲያውም ጉንጩን የሰጠኝ መሰለኝ። ባሌን ሊገድል የነበረውም ያዳነውም ይኸው አንድ ሰው ነው፤ እጄን የት እንደማሳርፈው ጠፋኝ። በመጨረሻ ትከሻው ላይ አሳረፍኩት። ሁለታችንም ተቀመጥን። ኮሪደሩ ላይ ጽዳት ሠራተኛዋ እግራችንን እንድናነሣ ብላን ሁለታችንም እግራችንን እንደ ሕፃን ልጅ አንሥተን ስንጠብቅ ስልኩ ጮኸ። ከቤትዎ ነበር፤ ተባረሃል አሉት።

ስለ ዋሸኝ ያባረሩት መስሎኝ ነበር። «በዚያስ ቢሆን አይከፋኝም» አለ። ለካስ የተባረረው በንግግርዎ መካከል በፊትዎ ስላለፈ ነው። ውሸቱን እስከ ዛሬ አያውቁትም ነበር፤ ይኸው ከእኔ ሰሙ። እውነቱን ቢጠይቅዎ ይቃጠላል፣ ቢዋሽ ሰው ይሞታል፣ ሰው ቢያድን ይባረራል፤ ከእነዚህ ሦስቱ ለአንድ ሠራተኛ የቱን እንደሚመርጡለት ቢያስረዱን ብዙ ሰው ይጠቀም ነበር።

ባለቤቴ ድኗል። ድምፁ ትንሽ ጎርናና ሆኖ ነበር፣ እሱም እየጠራ ነው። የአስተናጋጁን ነገር ስነግረው ጣሪያውን እያየ «እኔም ብሆን አልጠይቃቸውም ነበር» አለኝ። እሱ ሰው አይወቅስም፤ ፍርሃቱ የገባው በሌላ በኩል ነው። በትዳራችን ዘመን ያቀረብኩለትን ሁሉ አመስግኖ ይበላ የነበረ ሰው አሁን በገዛ ማዕዳችን ላይ ሹካውን ይዞ ይቆምና፣ እንዳልቀየመው በለሰለሰ ድምፅ፣ «ምን ምን አለበት?» ይለኛል። ድንች ነው እለዋለሁ። ጨው ነው እለዋለሁ። የገዛ እጄን እየጠረጠረ መሆኑን ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ሁለታችንም እንዳላወቅን ሆነን እንበላለን። ሲተኛ ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ሳላይ ዓይኔን አልከድንም። ይህን ሁሉ በቤታችን ስላሳደሩልን ምስጋናዬ ቁጥር የለውም፤ ለዚህም ነው ሰባተኛ ያላልኩት።

ተማሪዎቼ፣ ወሬው የደረሳቸው ሁሉ፣ መሪ እንደያዙ «እሺ፣ ግን ምግቡስ? ያዋጣል?» ይሉኛል። ሰው ስለ ቤትዎ የሚጠይቀው ይህን ብቻ ነው። እኔም ካሮቷ ታዋጣለች እላቸዋለሁ። ካሮቷን እዚያው በር ላይ፣ ቆሞ፣ ቦርሳውን በትከሻው እንዳንጠለጠለ የሚበላ ሰው ካለ ይሂድ። ምን እንዳለበት የማይጠየቅ ምግብ ግን በነጻም ውድ ነው።

አስተናጋጁ አሁን እኔ ዘንድ መንዳት ይማራል፤ የታክሲ ሥራ ሊሞክር ነው። ሳያቋርጥ ይጠይቃል። ይህ መብራት ለምንድን ነው፣ እዚህ ላይ ማን ቅድሚያ አለው፣ ይህን ብነካው ምን ይሆናል። ሌላ ተማሪ ቢሆን ይሰለቸኝ ነበር፤ የእሱን ግን አንድ በአንድ እመልስለታለሁ። ወደ ቤትዎ መመለስ ስለማይሻ ይመልሱት ብዬ አልለምንዎትም። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ያንን ቁምሳጥን ይክፈቱት። ሰው መድኃኒቱን፣ ስልኩንና አፉን ይዞ ይግባ።

ለቤትዎ ዝና፣ ለስምዎ ክብር፣ ለጣትዎም ጤና እየተመኘሁ፣ እንደገና ደጃፍዎን ላልረግጥ ቃል ገብቼ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያ ባልተናነሰ ድንጋጤ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
ተነሥታ የተቀመጠችው እንግዳዎ

ማስታወሻ፦ ባለቤቴ ከሆስፒታል በወጣ ማግስት ከቤትዎ አንዲት ሴት ደውላ «የምሳ ሰዓትዎን እንዴት አገኙት?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ልናገር አፌን ስከፍት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እባክዎ ጥሩ ነበር ይበሉልኝ፤ አጠገቤ ቆመው እየሰሙ ነው» አለችኝ። እኔም፣ እንግዶች ሁሉ ለምን እንደሚያወድሱዎት ያን ጊዜ ገብቶኝ፣ ጥሩ ነበር አልኩ። እነሆ ልጅቱ ሥራውን ለቅቄያለሁ ብላ ትናንት ደውላልኛለች፤ ስለዚህ ያንን መልሴን ሰርዘው በምትኩ ይህን እንዲይዙልኝ በትሕትና አሳስባለሁ።